የሁዳዴ ልጆችና ሲስተር ደጊቱ

ዘይነባ ስትደውል ሰላምታ አታበዛም። «ደጊቱ አረፈች» አለችኝ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳልል ቀጥላ፣ «አሁን የት ሊቀብሯት ነው?» አለች።

ደብረ ታቦር ነኝ፤ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ሥራዬ እየገባሁ ነበር። ሰው ሞተ ሲባል በምን ሞተ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው ተብሎ ይጠየቃል። የሲስተር ደጊቱን ሞት የሰማ ሁሉ ግን መጀመሪያ የጠየቀው የት እንደምትቀበር ነው። የንስሐ አባት አልነበራትማ። በእኛ አገር የንስሐ አባት የሌለው ሰው ሲሞት ቄስ ፍትሐት አይጸልይለትም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ላይፈቀድለት ይችላል። ገበሬው ከሞቱ ይልቅ ይህን ይፈራል።

ድሮ የንስሐ አባት ነበራት። እንዴት እንዳጣችው ነው የምነግራችሁ። ስነግራችሁ አላለቅስም፤ ለቅሶ አትወድም ነበር። ሴት ፊት ለፊቷ ስታለቅስ፣ «ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ እስከዚያ እጄን ልታጠብ» ትልና ትነሣለች። ተመልሳ ስትመጣ ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ትጠብቃታለች።

የተዋወቅነው መጀመሪያ በተመደብሁበት ጤና ጣቢያ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በኩል በሚወጣው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ቀን በቀን ጋቢ ደርቦ የሚሄድባት ብርዳም አገር። እኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነበርሁ። እሷ ደግሞ በጋዋኗ ላይ ወፍራም የወንድ ሹራብ ደርባ፣ የገበሬ ቦቲ ጫማ ተጫምታ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። በዕድሜ እናቴ ስለምትሆን አንቱ አልኋት። «አንቱታውን ለአባ አስቀምጪው» አለችኝ። «እኔ ደም በሚፈስበት ክፍል ነው የምሠራ። አንቺ ደጊቱ ብለሽ ካልጮህሽልኝ ማን ይጮህልኛል?» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኋት፤ ምላሴ ግን እስኪለምደው ብዙ ተሰቃየ።

አንድ ወንበር ነበራት። መደገፊያው የተሰበረ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ። አንዲት ሴት ስለ እርግዝና መከላከያ ልታነጋግራት ስትገባ ደጊቱ ወንበሩን ትጎትትና በሩን ከውስጥ ዘግታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። ክብደቷ ቀላል አልነበረም። ባል ቢመጣ፣ አማት ብትመጣ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቢመጣ መጀመሪያ እሷን መግፋት አለበት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሊያስገጥምላት ቢል፣ «ቁልፍ ይሰበራል፣ እኔን ይስበሩኝ» ብላ መለሰችው።

ሴቶቹ በዋናው በር አይመጡም። ዘይነባ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ክርና ሻሽ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ የሱቋ የኋላ በር ወደ እኛ ግቢ ይከፈታል። በገበያ ቀን የገጠር ሴት ሽንኩርቷን ወይም ገብሷን ዘይነባ ዘንድ ታስቀምጣለች፤ ክር የምትመርጥ መስላ ትገባለች፤ በኋላ በር ወጥታ የሦስት ወር መርፌዋን ትወጋና በዚያው ተመልሳ ዕቃዋን ተሸክማ ወደ ገበያው። ዘይነባ ሙስሊም፣ እነዚያ ክርስቲያን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ማንም ማንን ሃይማኖቱን አልጠየቀም። ዘይነባን ሼኩ ጠርተው ሲገሥጿት፣ «እኔ ክር ነው የምሸጥ» ብላቸዋለች።

ደጊቱ ይህን የኋላ በር አትወደውም ነበር። ሴቶቹን አትከለክልም፤ ግን ባየችው ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ ከሐሙሲት ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶበት መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ነው። «እናቴ የሞተችው ስትወልድ አይደለም» አለችኝ። «ላለመውለድ ነው። ዐሥራ አንደኛውን ላለመውለድ ቅጠል ቀቅላ ጠጣች። ይህ ነገር ፈረንጅ ያመጣው ይመስልሻል? እናቶቻችን ሁሉ ሲሞክሩት ነው የኖሩት። ቅጠል ቀቀሉ፣ ክታብ አሠሩ፣ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠቡ። አንዳንዷ ዳነች፣ አንዳንዷ ጉበቷ ተቃጠለ። ለእናቴ ፍትሐት የተደረገላት ምክንያቱን ስለ ደበቅን ነው። ሆድ ቁርጠት ነው አልን። እኔ ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር አልደብቅም።»

እውነቷን ነው፤ አልደበቀችም። አንድ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ሲጠፋ ከደብረ ታቦር አንድ ካርቶን መርፌ በበቅሎ ጭና በእግር መጣች። በኬላው ያሉት ወጣቶች አስቁመው ምን እንደያዘች ሲጠይቋት ካርቶኑን ራሷ ከፈተችላቸው። «የሴት መርፌ ነው፣ ልጅ እንዳይወለድ። ከፈለጋችሁ እጃችሁን ስጡኝ» አለቻቸው። አንዱ አፍሮ ዞር አለ፤ ሌላው በቅሎዋን ራሱ ይዞ አሻገራት።

ሰው ሲከራከራት አንድ ጥያቄ ነበረቻት። ባል ይሁን ባለሥልጣን፣ ያሻውን ተናግሮ እስኪጨርስ ትሰማውና፣ «ማን ነው የሚያምጠው?» ትላለች። ሌላ አትጨምርም። መልስ የሰጣት ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ስመኝ ልምጣ። ስመኝ ከጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያርስ ገበሬ ሚስት ናት። በመጨረሻው ወሊዷ ደሟ አልቆም ብሎ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወረዷት፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሰው ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ሐኪሙ ለባሏም ለእሷም ነግሯቸዋል፤ ከዚህ በኋላ ብታረግዝ አትተርፍም። ደጊቱ ክንዷ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ያስገባችላት ያኔ ነው። ባሏ ጌታሁን አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ የደጊቱን ጉልበት ስሟል።

ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ተመልሰው መጡ። ጌታሁን ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «ሲስተር፣ ያን ነገር አውጭልን» አለ።

ደጊቱ መጀመሪያ ወደ ስመኝ አየች። ስመኝ መሬት መሬት ታያለች። ነገሩ ይህ ነው፤ ስመኝ ለጾሙ ንስሐ ስትገባ ክንዷ ላይ ያለውን ለንስሐ አባቷ ለቄስ አየነው ነገረቻቸው። እሳቸው ይህን ካላወጣሽ የንስሐ ልጄ አይደለሽም አሏት። ቄስ አየነው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደጊቱም ትመሰክር ነበር። ለደሃ ሙታን በእግራቸው ዳገት ወጥተው ፍትሐት የሚያደርጉ ሰው ናቸው። በያዙት ነገር ግን ንቅንቅ አይሉም።

«እኔ መቼ ጠላሁ» አለ ጌታሁን። «ግን አባ ካልፈቱን ማን ይቀብረናል?»

«አንተ ቀብሩን ነው አስቀድመህ ያሰብኸው» አለችው ደጊቱ። «ውጣና ዘይነባ ዘንድ ጠብቅ።» ወንበሯን ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከውስጥ ነበርሁ። «እኔ የማወጣው ከአንቺ ክንድ ነው፣ ከእሱ አይደለም። አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት ስመኝን።

ስመኝ ክንዷን በሌላው እጇ ያዘች። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጆቼን ላሳድግ እፈልጋለሁ» አለች። «ግን ሲስተር፣ ሳይፈቱኝ ብሞት ጫካ ሊጥሉኝ ነው። ልጆቼ መቃብሬን የት ብለው ይሳለማሉ?»

ማን ነው የሚያምጠው የሚለው የደጊቱ ጥያቄ ለዚህ አይሆንም። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። «አታውጪው። እሑድ አባን አነጋግራለሁ» አለች።

ቄስ አየነው የደጊቱም የንስሐ አባት ነበሩ። እኔ ቤታቸው ሄዳ በጨዋ ደንብ ታነጋግራቸዋለች ብዬ ነበር። እሷም እንደዚያ አስባ ይሆናል። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥዱ ሥር እንደተሰበሰበ፣ አባ ራሳቸው ስለዚሁ ጉዳይ አስተማሩ። መከላከያ ኃጢአት ነው አሉ። ልጅ ለማራራቅ ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላጣችም፤ ጾም አለ፤ ባልና ሚስት በጾም ከመኝታ ከተለያዩ መርፌ አያስፈልግም አሉ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደጊቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ተነሣች። በዚያ ግቢ ሴት በጉባኤ መካከል ስትናገር ከዚያ በፊት አላየሁም።

«አባ፣ ልክ ነዎት» አለች። ሰው ሁሉ ተገረመ። «ወንዶቻችን ሁዳዴን ቢጾሙልን እኔ መርፌውን ሁሉ ጉና ላይ ወጥቼ እበትነዋለሁ። የሚያዋልድ ሰው ግን የሚያውቀው ነገር አለ። በዓመት ውስጥ እንደ ታኅሣሥ ሥራ የሚበዛብኝ ወር የለም። በታኅሣሥ የሚወለድ ልጅ የተጸነሰው መቼ ነው? እናንተው ቁጠሩ።»

ከዚያ ወንዶቹ በጋቢያቸው ውስጥ ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። ከታኅሣሥ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ሁዳዴ መካከል፣ መጋቢት ላይ ደረሱ፤ መጋቢት ላይ የደረሱት ዐንገታቸውን ደፉ። አንዲት አሮጊት መነኩሴ ከኋላ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። «የሁዳዴ ልጆች» አለ አንዱ፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

ደጊቱ ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። የቄስ አየነው ሚስት ወይዘሮ ብርቄ የመጨረሻ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ልጅቱ የተወለደችው ለገና ዋዜማ ነው፤ ያዋለደቻት ራሷ ደጊቱ ናት። መጀመሪያ ማን እንደ ዞረ አላውቅም፤ ብቻ አንድ ሰው ወደ ብርቄ ዞረ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ሳቁ ጸጥ አለ። ብርቄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አወረደች።

የደጊቱን ፊት አይቻለሁ። ደነገጠች። ግን አልተቀመጠችም።

አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ከዛሬ ጀምሮ የንስሐ ልጄ አይደለሽም» አሏት፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«እሺ አባ» አለች። «ቅጣቱን እኔ ልውሰድ። ስመኝን ግን አይልቀቋት። ክንዷ ላይ የቀበርሁት እኔ ነኝ፤ አላወጣም ያልሁትም እኔ ነኝ። ሳትፈታ የምትቀበር ሴት ካስፈለገዎት ይኸው አለሁ።»

አባ ዞረው ወደ ቤተ ልሔሙ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን ለስመኝ አውጪው ብለው አያውቁም። የንስሐ ልጃቸው ሆና ቀረች፤ ክንዷ ላይ ያለውም እንዳለ ቀረ። ጊዜው ሲያልፍ ደጊቱ አውጥታ ሌላ ተካችላት። የስመኝ ልጆች ዛሬ ትልልቆች ናቸው።

በማግስቱ ደጊቱን፣ «ተጸጸትሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ስለ ብርቄ አዝኛለሁ፤ ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ» አለች፤ ሄዳም ወድቃለች። «ስለ ጥያቄዬ ግን አላዝንም። እሳቸው ጾም ይበቃል አሉ፤ እኔ ጾሙን ማን ጾመ አልሁ። የቱ ነው ጥፋቴ?» ብርቄ ያን ቀን ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። ብርቄ ከዚያች ልጅ በኋላ ለምን እንዳልወለደችም እኔ የምናገረው ነገር አይደለም።

እንግዲህ ደጊቱ ያለ ንስሐ አባት ኖረች። እሑድ እሑድ መጥታ የማርያምን በር ትሳለማለች፤ ከበሩ ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ሌላ ቄስ ያዢ ያላት ሰው ብዙ ነው። በደብረ ታቦር ደብር ሞልቷል፤ አንዱ በደስታ ይቀበላት ነበር። እኔም ለምኛታለሁ። «ሌላ አባት ከያዝሁ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው» ትለኛለች። «የለቀቁኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ይመልሱኝ።» በጡረታ ወጣች፤ ደም ግፊት ያዛት፤ ሐሳቧን አልለወጠችም። እኔ ወደ ደብረ ታቦር ተዛውሬ ለበዓል ስመለስ ያንኑ ትለኛለች። እንዲህ ያለ እልህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ያኮራኛል።

ቀብሯ ላይ የደረስሁት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ነው። ካህን አልመጣም። የእድሩ ወንዶች ተሸክመው ያለ ዜማ ያለ ጥላ ወደ ማርያም ሄድን። የቀብር መንገድ ያለ ካህን ድምፅ እንዴት እንደሚረዝም ያን ቀን አወቅሁ። በሩ ዘንድ ስንደርስ አንዱ መዝጊያ ተዘግቷል፤ ቄስ አየነው ከገበዙ ጋር ቆመዋል። አርጅተዋል፤ በመቋሚያቸው ተደግፈዋል። ገበዙ እንደ ደንቡ፣ «የንስሐ አባቷ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ወንዶቹ ቃሬዛውን ከትከሻ ትከሻ አዘዋወሩ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገና ከግቢው ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቦታ እንዳለ ተናገረ። ጉድጓዱን እዚያ ሊያስቆፍር ነው።

ስመኝ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ከጉና ሥር በእግሯ ነው የመጣች፤ ጥቁር ለብሳለች። «አንቱ ነዎት የንስሐ አባቷ» አለቻቸው። «አንቱ ተዉአት እንጂ እሷ አልተወችዎትም። ሌላ አባት አልያዘችም። እኔ የምቆምበትን ቦታ ሰጥታኝ ነው በሩ ላይ የቀረች። እሷ ባሕር ዛፍ ሥር ከሆነች የእኔም ጉድጓድ እዚያው ይቆፈር፣ ዛሬውኑ ይልቀቁኝ።»

አባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርቄ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከባሏ ፊት አልፋ ክፍት በሆነው በኩል ደርሳ፣ ጀርባዋን ለበሩ መቃን ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀጥላ ስመኝ ተቀመጠች። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ፤ የበሩ ደጅ በሴት ሞላ። ዘይነባ ወደ ቤተ ክርስቲያን በር አትቀርብም፤ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ተቀመጥሁ። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ደጊቱ ወንበሯን እንዴት ትጎትት እንደነበር የማታውቅ አልነበረችም። ከተማው ሁሉ እኛን ሳይገፋ አይወጣም፣ አይገባም።

ቄስ አየነው ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ቀረቡና መስቀላቸውን አስከሬኑ ላይ አኖሩ። «የንስሐ አባቷ እኔ ነኝ» አሉ። «በሩን ክፈቱ።»

ሙሉ ፍትሐት ተደረገላት። ከሴቶች ማረፊያ አጠገብ፣ ጥዱ ሥር ተቀበረች፤ ቆማ ከተናገረችበት ብዙ አይርቅም። ሰው ሲበተን አባ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እንዳትሳሳቺ» አሉኝ። «እሷን ፈታሁ እንጂ መርፌውን አልባረክሁም። ዛሬም ኃጢአት ነው እላለሁ።»

«ይበሉ አባ» አልኋቸው። «እኛም እንሠራለን።» መስቀላቸውን ሰጡኝ፤ ተሳለምሁ። ሁለታችንም አልተቆጣንም።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ወደ ደብረ ታቦር ከመመለሴ በፊት የድሮ ባልደረቦቼን ልሰናበት ጤና ጣቢያው ገባሁ። ወንበሩ አለ፤ ሽቦው ላልቷል። በመስኮት ሳይ ዘይነባ ከሱቋ ጎን ቆማ ወደ ዋናው መንገድ ትመለከታለች፤ በገበያ ቀን ተዘግቶ የማያውቀው የኋላ በሯ ላይ መወርወሪያ ተጋድሟል። ምን ሆነች ብዬ ልጠራት ስል አየሁ። ወይዘሮ ብርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ ገበያው ሁሉ እያያት፣ ከመንገዱ ወደ ጤና ጣቢያው ዞረች። ከኋላዋ በዘይነባ ሱቅ በኩል ይመጡ የነበሩ ሴቶች አሉ። እኔ ምስጢር አላወጣሁም፤ በዋናው በር የገባችው ራሷ ናት።